ደረቅ ሂሳብ

ለአቶ ሲረል ሃይንስ፣ ለቤት መርማሪ፤
ከፊሎሚና ዋደን፣ ከኮረብታው ግርጌ፣ ከቢጫው ቤት ነዋሪ።

በላኩልኝ ሂሳብ፣ በአምስት መቶ አርባ ዶላሩ ላይ
ጥቂት ቃል አለኝ፤ ያንብቡት፣ እስከ ታች ከላይ።

ነሐሴ ነው የመጡት፤ ፀሐይ በወጣበት፣
ጭጋግ የሴንት ጆንስን ወደብ ለሳምንት በተወበት።
መኪናዎን ሳያጠፉ ከደጄ አቆሙ፤
ድንቼ ሳይበስል ወጡ፤ አልተቀመጡ፣ አልደከሙ።
በጣትዎ አንጓ ግድግዳውን መቱ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፤
እንደ ሐኪም ራስዎን ነቀነቁ፤ «ጤነኛ ናት» ተባለች ቤቴ።

ገጽ አራት፣ መሥመር ሰባት፤
«ምድር ቤት፦ ደረቅ።» አንዲት ቃል፤ ከአራት ነጥብ በቀር ምንም የሌላት።
ገጽ አምስት፦ «የጣሪያው ሆድ አልታየም፤ መውጫ የለውም።»
አቶ ሃይንስ፣ ኮትዎን ታዲያ የሰቀሉት መሰላሉ ላይ አይደለም?

ኅዳር ሲገባ ባሕሩ ተቆጣ፤
ዝናቡ ከሰማይ ሳይሆን ከጎን መጣ።
በሦስተኛው ሌሊት ባትሪ ይዤ ብወርድ
የካሮት ጆንያዬ ይንሳፈፋል፤ ማሞቂያው ራሱ ይንቀጠቀጣል በብርድ።
የሟቹ ባሌ ቦቲ፣ የግራው እግር፣
ቀዛፊ እንደሌለው ጀልባ ይዞራል በደረጃው ሥር።

ደረቅ ሳል አውቃለሁ፤ ደረቅ ሰው፣ ደረቅ ዳቦ በተራ፤
ዓሣ የሚያኖር ደረቅ ግን እንዴት ተሠራ?
ገንዘቤን ውሃ በላው፤ ለእርስዎ ምን ይተርፋል?
ደረቅ ላሉት ቤት ደረቅ ቼክ ይጻፋል።

*

መልስ አልጻፈም። መጣ።
ሐሙስ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሳያባራ፣
ከልጁ በተዋሰው መኪና፣ ከውል ወረቀቱ ጋራ።
«የሚታየውን ብቻ ነው የማየው፤ እዚህ ተጽፏል፣» አለ፤
«በነሐሴ ቆሞ ኅዳርን ያየ ማን አለ?»
«ለማየት ነው የከፈልኩህ!»
«አልከፈሉም ገና።»
ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ጥርሴን ነክሼ፣ «ውረድና
እየው፣» አልኩት።

ወረደ።
አንዱን እግር አስቀድሞ፣ ሌላውን እስኪያደርስ ቆሞ፣
የደረጃውን መደገፊያ በሁለት እጁ ተጠምጥሞ።
አራተኛው ላይ ቀጥ አለ።
«በነሐሴም ከዚህች አላለፍክም፣» አልኩት።
ጉልበቱን አሸ። አልመለሰም።

ከዚያው ሆኖ ብርሃኑን ወደ ታች ላከ፤
ከአዲሱ ነጭ ቀለም ሥር፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣
ቡናማ መሥመር፣ የድሮ ውሃ ፊርማ፣ ግድግዳውን ተከትሎ።
«ይሄ የቆየ ነው። ከእርስዎ በፊት ነው። ሽታው አልነገረዎትም?»

ሃያ ስድስት ዓመት ዓሣ ፋብሪካ ቆሜ ቆርጫለሁ፤
የሰኞን ዓሣ ከማክሰኞው በአፍንጫዬ እለያለሁ።
ያን ቀን፣ ገና በሩን ስከፍተው፣ ሸትቶኛል።
የወጥ ቤቷ መስኮት ግን ወደቡን ያሳያል፤
መርከብ ሲገባ መብራቱ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል።
መስኮቱን ከፈትኩ። ነፋስ ገባ።
ከዚያም አፍንጫዬን የሚረታልኝ ሰው ፈልጌ ስልክ ደወልኩ።

ይህን አልነገርኩትም።
አምስት መቶ አርባ የጠየቀው አፍንጫዬ አይደለም።

«ሁለት መቶ፣» አልኩ። «ሁለት መቶ ሃምሳ።»
«ሁለት መቶ፤ አንተም ባልዲ አንሣ።»

አነሣ። እኔ ከታች ስቀዳ፣ እሱ ከደጅ ሲደፋ፣
ጎረቤቴ ዶርካስ በመስኮት አየችን፣ ቡችላዋን ታቅፋ።
አሥራ አንድ ባልዲ ቆጠርን፤ ውሃው ያው ነው።

ደረሰኝ ጻፈልኝ፤ እጁ እርጥብ ነበረ፣
«ሁለት መቶ» ያለበት ፈሶ ሰማያዊ ኩሬ ሆኖ ቀረ።
ሌላ ጻፈ። ምድጃው አናት ላይ ዘረጋነው።
ቆመን ጠበቅን፤ እሱ በአንድ እግሩ አጋድሎ።

«ደረቀ?» አለኝ።

«ዳስሰው፣» አልኩት።